የጀርመኑን ቤት ድሬ ማድረግ፦ የፕላስቲክ ሞዴል ቤቶችን ስለ መቀባት

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ጀርመን ያለው ልጄ ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱና ሦስት የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ቤቶች ላከልኝ። አንዱ ጣቢያ፣ አንዱ መጋዘን፣ አንዱ መኖሪያ ቤት ነው። ካርቶኑ ላይ 1፡87 ይላል። ከልጅ ልጆቼ ጋር የድሮዋን ድሬ ልንሠራ አስበናል። አንዱን ግድግዳ በመኪና ስፕሬይ ብቀባው ተሸበሸበ። ሌላውን ሳልቀባ ብገጥመው መጫወቻ መሰለ። በምን ልቀባ? ሳይገጠም ነው ወይስ ከተገጠመ በኋላ? እዚሁ ከተማ በሚገኝ ነገር ይሆናል?

ምላሽ፦ ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። የምድር ባቡር ሰው በጡረታው ዘመን በትንሿ ባቡር ወደ ሥራ ሲመለስ ደስ ይላል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ እዚሁ ድሬ በሚገኝ ነገር ይሆናል። የመኪናውን ስፕሬይ ግን ለመኪና ይተዉት። መስኮት፣ በርና ጣሪያ ሳይገጠም ይቀባል፤ ግድግዳ ማዕዘኑ ከተጋጠመ በኋላ። ቤቱን መጫወቻ ያስመሰለው ደግሞ የቀለሙ ዓይነት አይደለም፤ ማብለጭለጩ ነው። ቀሪው ነገር ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

በተሸበሸበው ግድግዳ እንጀምር። እነዚህ ቤቶች የሚሠሩት ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ፖሊስታይሪንን አሴቶንና የመኪና ቀለም ቲነር ይበሉታል። የመኪና ስፕሬይ ውስጥ ያለው ማቅጠኛም የዚያው ዘመድ ነው። ቆርቆሮ ላይ ችግር የለበትም፤ ቆርቆሮ አይሟሟም። ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ግን ተንኖ ከማለቁ በፊት ላዩን ያለሰልሰዋል። አንዴ ወፍራም ተደርጎ ከተነፋማ ማቅጠኛው መውጫ ስለሚያጣ ወደ ውስጥ እየበላ ይገባል። የቤቱ ሙጫ የሚሠራውም በዚሁ ጠባይ ነው። የሞዴል ሙጫ እንደ እንጨት ኮላ በሁለቱ መሃል ገብቶ አይዝም፤ ሁለቱን ጠርዞች አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ይህን ይያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለዚህ ማንኛውንም ቀለም፣ ማንኛውንም ስፕሬይ፣ መጀመሪያ ክፍሎቹ ተያይዘው በመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ይሞክሩት። ያ ዘንግ የሚጣል ነው። ቀብተው ይደሩበት። በማግስቱ በጥፍርዎ ሲጫኑት ካልለሰለሰ፣ ካልተሰነጣጠቀ፣ ካልተላጠ ይሆናል።

የትኛው ቀለም? በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ። በጽሕፈት መሣሪያ መደብር ለሠዓሊዎችና ለተማሪዎች የሚሸጠው ባለ ቱቦው አክሪሊክ በቂ ነው፤ በጣም ርካሹን ብቻ ይዝለሉት፣ ቀለሙ ሳስቶ ውሃው ይበዛል። ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያስበው የግድግዳ ቀለም፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚሸጠው ፕላስቲክ ቀለም፣ በኬሚካሉ ቤቱን አይጎዳም። ችግሩ ውፍረቱ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። 1፡87 ማለት ቤቱ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። አንድ እጅ ወፍራም ቀለም 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ87 ሲባዛ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በቤቱ መጠን ሲታይ አንድ ጣት የማይሞላ ልስን ለጠፉበት ማለት ነው። የጡቡ መስመር፣ የበሩ ማጠፊያ፣ የመስኮቱ ክፈፍ ሁሉ ከሥሩ ይቀበራል። ፋብሪካው እነዚያን ጥቃቅን ነገሮች ለማውጣት ለፍቷል፤ እኛ በአንድ ብሩሽ ባንደፍናቸው ጥሩ ነው።

የዘይት ቀለም አልከለክልም። ግን ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ የድሬ አቧራ ደግሞ እስኪደርቅ አይጠብቅም።

ልጅዎ ተጨማሪ ልላክ ካለ፣ በውሃ የሚቀጥን የሞዴል ቀለም ይላክ፤ ቫዬሆ የሚባለው የስፔን ቀለም በብሩሽ ለሚሠራ ሰው የተመቸ ነው። የጃፓኑ ታሚያ አክሪሊክም ጥሩ ነው፤ ግን አልኮል ስላለበት በብሩሽ ሲሠሩት ቶሎ ይደርቅና ይጎተታል። የስፕሬይ ጣሳ እንዲልክ አይጠይቁት። ተቀጣጣይ ነገር ስለሆነ በፖስታም በሻንጣም ጣጣ አለው።

ከመቀባት በፊት መታጠብ አለ። ፕላስቲኩ ከፋብሪካው ቅርጽ እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ላዩ ላይ ይቀራል፣ የጣት ወዝም ይጨመርበታል። ክፍሎቹን ከዘንጉ ሳይለዩ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የእቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያሻሿቸው። ትኩስ ውሃ አይሁን። ሲደርቁም ጥላ ውስጥ ይሁን። የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተረስቶ የዋለ ቀጭን ክፍል ሊጎብጥ ይችላል፤ የድሬን ፀሐይ ለእርስዎ መንገር አይጠበቅብኝም።

ስለ ፀሐይ ካነሳን፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በብዙ የውጭ መመሪያ ላይ በቀላሉ የማያገኙት ነገር ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ የቀለም መመሪያዎች የተጻፉት ብርድና እርጥበት ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ ይህን ያህል ሰዓት ጠብቅ ይላሉ። የእኛ ችግር ተቃራኒው ነው። ድሬ ውስጥ ከረፋድ በኋላ አክሪሊክ ብሩሹ ላይ እያለ መድረቅ ይጀምራል። ሁለተኛውን ጊዜ ብሩሹን ሲያሳልፉ የመጀመሪያውን ግማሽ ደረቅ ቀለም ይጎትተዋል፣ ግድግዳው የተፋቀ ይመስላል። ስፕሬይ ሲነፉ ደግሞ ጠብታው አየር ላይ ደርቆ እንደ ዱቄት ሆኖ ያርፋል፤ ግድግዳውን ሲዳስሱት ብርጭቆ ወረቀት ይሆንብዎታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማለዳ ይሥሩ። ነፋሱ ሳይነሳ፣ አቧራው ሳይነቃ፣ ከቁርስ በፊት አንድ እጅ፣ በማግስቱ ሁለተኛ እጅ። ማራገቢያውን ያጥፉ።

ቀለሙ እንዳይደርቅብዎት ደግሞ ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዕቃ ይፈልጉ። ሥሩ ላይ ውሃ የጠገበ ስስ ስፖንጅ ያንጥፉ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ያድርጉበት፣ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ይበጥብጡ። እርጥበቱ ከሥር ቀስ ብሎ እየመጣ ቀለሙን ሲጠብቀው ይውላል። ክዳኑን ከዘጉት የዛሬው ቀለም ነገም ይሠራል፤ ያንኑ የግድግዳ ቀለም በማግስቱ አስመስሎ እንደገና መበጥበጥ ቀላል አይደለምና።

ሳይገጠም ወይስ ተገጥሞ ላሉት፣ መለያው ይህ ነው፦ ሁለት ቀለሞች የሚገናኙበት ነገር ተለይቶ ይቀባል፤ አንድ ቀለም የሚቀጥልበት ነገር ተገጥሞ ይቀባል። የመስኮት ክፈፍ፣ በር፣ የውሃ መውረጃ ቱቦና ጣሪያ ከግድግዳው የተለየ ቀለም አላቸው፤ እዚያው ዘንጉ ላይ እያሉ ይቅቧቸው። አራቱን ግድግዳዎች ግን ያጣብቁ፣ የማዕዘኑን ስንጥቅ በትንሽ ስቱኮ ሞልተው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ፣ ከዚያ ይቅቡ። አለበለዚያ በየማዕዘኑ የሚታየው መስመር፣ ይህ ቤት ከካርቶን ወጣ ብሎ ያሳብቃል። እዚህ ላይ ነው የሙጫው ጠባይ የሚመጣው። ሙጫው ቀለምን ሳይሆን ፕላስቲክን ነው የሚያሟሟው፤ የተቀባ ጠርዝ ላይ ቢያደርጉት ቀለሙን ብቻ አጨማልቆ ይቀራል። ስለዚህ የሚጣበቀውን ጠርዝ በምላጭ ፍቀው ፕላስቲኩን ያውጡት። ምላጩን ለልጆቹ አይስጡ። ለእነሱ የመጀመሪያውን እጅ ይስጧቸው፤ ቢያበላሹትም ሁለተኛው እጅ ይሸፍነዋል።

ያንን የመጀመሪያ እጅ ቀላል ግራጫ ያድርጉት። የጀርመን አምራቾች፣ ፋለርም ሆነ ፎልመር ወይም አውሃገን፣ ክፍሎቹን ብዙ ጊዜ ባለቀለም ፕላስቲክ አድርገው ነው የሚያወጧቸው። ቀይ ጡብ፣ ቢጫ ግድግዳ፣ ቡናማ ጣሪያ ሆነው ይመጣሉ። ግራጫው ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል። ላዩ ቢጫ ወይም ክሬም የሚሆን ከሆነ ግን ከሥሩ ነጭ ይሁን። ቢጫ ሰነፍ ቀለም ነው፣ ጥቁር ነገርን አይሸፍንም። ቀለሙ ሁሉ ወተት ያህል ይቅጠን። አንድ ወፍራም እጅ ከሚቀቡ ሦስት ስስ እጅ ይሻላል። ከአንደኛው እጅ በኋላ ግድግዳው ዥንጉርጉር ሆኖ ያስደነግጥዎታል። ይተዉት፣ ሦስተኛው ላይ ይስተካከላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፣ ወደ ራሱ ቀለሙ። የጣቢያው ግድግዳ በየትኛው ዘመን ምን ዓይነት እንደነበር፣ የመጋዘኑ በር ምን እንደተቀባ፣ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ዕድሜዎን ሙሉ ፊት ለፊቱ ኖረዋል። ያ ትዝታ ከማንኛውም የቀለም ካታሎግ ይበልጣል። የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚያስታውሱትን ቀለም እንዳለ አይቀቡት። ያፍዙት።

ምክንያቱ ርቀት ነው። 1፡87 የሆነን ቤት አንድ ሜትር ርቀው ሲያዩት፣ እውነተኛውን ቤት ከ87 ሜትር እንደማየት ነው። አንድ ጠዋት ከጣቢያው በር ተነስተው 87 ሜትር ያህል ይራቁና ዞር ብለው ይዩት። ቅርብ ሆነው ያዩት ቀለም የለም። በመሃል ያለው አየር፣ አቧራውና ብርሃኑ አፍዝዘውታል፤ ጥላውም ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ሰማያዊ የነካው ግራጫ ሆኗል። ከቱቦ እንደወጣ የተቀባ ቤት የሚጮኸው ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ ቀለም ውስጥ ትንሽ ነጭና ትንሽ ግራጫ፣ ወይም ለድሬ ሲሆን የአሸዋ ቀለም ጠብ ያድርጉበት። ንጹሕ ጥቁርና ንጹሕ ነጭን እኔ ከገበታዬ አውጥቻቸዋለሁ፤ በጥቁር ፋንታ ጥቁር ግራጫ፣ በነጭ ፋንታ ክሬም። የመጋላ ሰፈርን ሰማያዊና አረንጓዴ ግድግዳዎች መሥራት ካሰቡ ይህ ሕግ ይላላል። እነዚያ ግድግዳዎች በእውነትም ይጮኻሉ፣ ውበታቸውም እሱ ነው። ቢሆንም ትንሽ ይፍዘዙ።

ቀለሙን የሚበጠብጡት ሞዴሉ በሚቀመጥበት ክፍል፣ በዚያው አምፖል ሥር ይሁን። በረንዳ ላይ በፀሐይ የተስማማ ቢጫ፣ ቢጫማ አምፖል ሥር ብርቱካን ሆኖ ይጠብቅዎታል። ከፎቶ ለመገልበጥም ይጠንቀቁ፤ የድሮ ባለቀለም ፎቶ ራሱ ወደ ቀይ ወይም ወደ ቢጫ አድልቶ ነው የሚገኘው።

ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው፣ ጥቁር ቡናማ ቀለም በብዙ ውሃ አቅጥነው፣ አንዲት ጠብታ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው በግድግዳው ላይ ማፍሰስ ነው። ሳሙናዋ ውሃው እንዳይቋጠር ታደርገዋለች፤ ቀለሙ ሮጦ ወደ ጡቡ መስመርና ወደ መስኮቱ ጥግ ይገባል። ላዩን በስፖንጅ ጠረግ ያድርጉት። ለጡብ ግድግዳ ከጥቁር ይልቅ ቀላል ግራጫ ይጠቀሙ፣ የሲሚንቶው መስመር ይወጣልዎታል። ሁለተኛው ደረቅ ብሩሽ ነው። ከግድግዳው ትንሽ የነጣ ቀለም ይያዙ፣ ብሩሹን ወረቀት ላይ ጠራርገው ምንም የሌለበት እስኪመስል ያድርቁት፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ዳበስ ዳበስ ያድርጉ። ጎላ ያለውን ብቻ ይይዛል። ይህን የልጅ ልጆችዎ ይወዱታል፣ ማስቆሙ ነው የሚያስቸግረው።

ጣሪያው የራሱ ነገር አለው። የጀርመን ቤት ጣሪያ ለዝናብና ለበረዶ ሲባል ወደ ላይ የሾለ ነው፤ ምንም ቢቀቡት ድሬ አይሆንም። መኖሪያ ቤቱን ጫፉን በመጋዝ ቆርጠው ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። ጣቢያውንና መጋዘኑን ግን ብዙ አልነካካም፤ ምድር ባቡርም ቢሆን የፈረንሳዮች እጅ ያለበት ነው፣ ከዚራም እንዲሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሲቀቡ፣ የዝገት ፎቶ አይተው ሁሉንም ቀይ አያድርጉት። ደረቅ አገር ላይ ቆርቆሮን ቀድሞ የሚጎዳው ፀሐይና አቧራ ነው። መሠረቱ የደበዘዘ ግራጫ ይሁን። ዝገቱን ምስማር የተመታበት ቦታና ሁለት ቆርቆሮ የሚደራረብበት መስመር ላይ ብቻ፣ በትንሽ ስፖንጅ ጫፍ ጠብ ጠብ ያድርጉት። አንድ ሁለት ቆርቆሮ ከሌሎቹ ትንሽ ለየት ብሎ ቢቀባ፣ ሰው ቀይሮት ነው ያስብላል።

ከዚያ አቧራው። የኖራ ጠመኔና ከሰል በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ዱቄት ያድርጉ፣ ከመዋቢያ ዕቃ መደብር በሚገዛ ለስላሳ የፊት ብሩሽ ከግድግዳው ሥርና ከመስኮቱ በታች ያርከፍክፉ። የእንፋሎት ባቡር ዘመንን የሚሠሩ ከሆነ ከሐዲዱ ወገን ያለው ግድግዳና የጣሪያው ጠርዝ ጥቀርሻ ይሻሉ፤ የናፍጣውን ዘመን ከሆነ ያንሳል። የደቻቱን ወንዝ አፈር ራሱን መጠቀም ካማረዎት፣ እኔም ያምረኛል፣ በስቶኪንግ አጥልለው ድቃቁን ብቻ ይውሰዱ። ከዚያ ጠንካራ ማግኔት ያሳልፉበት። አሸዋ ውስጥ ብረት ያለበት ጥቁር ፍሬ ይገኛል፤ የትንሿ ባቡር ሞተር ማግኔት ስላለው እየሳበ ይሰበስበውና ጥርሱን ይፈጨዋል። ቀለም የተበላሸበት ቤት ይጠገናል፣ ሞተር ግን ወጪ ነው።

በመጨረሻ ሁሉንም የሚያዋህደው የማያብለጨልጭ ቨርኒሽ ነው፣ ማት የሚባለው። ለሠዓሊ የሚሸጥ በውሃ የሚቀጥን ካገኙ በብሩሽ ይቻላል። ዱቄቱን ግን ብሩሽ ያጥበዋልና ያን ቦታ የሚነፋ ይሻለዋል፤ ስፕሬዩን መጀመሪያ ዘንጉ ላይ ሞክረው፣ ውጭ ሆነው፣ አፍንጫዎን ሸፍነው። ቨርኒሹ ሲያርፍ ዱቄቱ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድመው ትንሽ ይበዛ። ጊዜ ለሌለው ሰው የምሰጠው ምክርም ይኸው ነው፦ ምንም ሳይቀቡ፣ በፋብሪካው ቀለም ላይ ማት ቨርኒሽ ብቻ ቢነፉበት፣ ቤቱ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

የመስኮቱን መስታወት ከቨርኒሹ በኋላ ነው የሚገጥሙት፤ አለበለዚያ እሱም ይደበዝዛል። በሱፐር ግሉም አያጣብቁት፣ እንፋሎቱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል። የእንጨት ኮላ ይበቃዋል። ቤቱ ውስጥ አምፖል የሚያስገቡ ከሆነ ደግሞ ግድግዳውን ከውስጥ በኩል ጥቁር ይቅቡት፣ በላዩ ነጭ ይድገሙበት። ካልሆነ ማታ ሲያበሩት ቤቱ ሙሉ ፋኖስ ሆኖ ይበራል።

እግረ መንገዴን ስለ ሐዲዱ አንድ ነገር። በ1፡87 የተለመደው ሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም የ1.435 ሜትር ሐዲድ ነው። እርስዎ የሠሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ የደረሰው የድሮው መስመር ግን አንድ ሜትር ነበር። ለእሱ በዚሁ ልክ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሐዲድ ይሸጣል። የልጅዎ ስጦታ 16.5 ከሆነ በስፋቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውን አዲሱን መስመር ነው የሚመስለው። ቤቶቹ ለሁለቱም ይሆናሉ። የእርስዎ ዓይን ግን ልዩነቱን ሳያይ አይቀርም ብዬ ነው።

የተሸበሸበውን ግድግዳ አይጣሉት። የመኪናውን ቀለም በቲነር አወልቃለሁ ብለው አይሞክሩ፣ የቀረውንም ይበላዋል። በደንብ እስኪጠነክር ጥቂት ቀን ይተዉት፣ የተነሳውን በብርጭቆ ወረቀት ያውርዱት፣ ጎድጓዳውን በስስ ስቱኮ እዚህም እዚያም ይሙሉ። ሙሉ በሙሉ ለማለስለስ አይልፉ። ከዚያ የመጋዘኑ የኋላ ግድግዳ ያድርጉት፤ ልስኑ የረገፈ፣ ከሥሩ ጡቡ ብቅ ያለ። ልስኑ በወደቀበት ቦታ የጡብ ቀለም፣ ዙሪያውን ቀላል ግራጫ። በተቃራኒው ደግሞ ያ ግድግዳ የጣቢያው ፊት ከሆነ ልጅዎ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ አምራቹን ይጠይቅ። አንዳንዶቹ የጎደለ ወይም የተበላሸ ክፍል ለብቻው ይልካሉ።